የማለዳ ንባብና የማታ ሒሳብ

ቅዱሳት መጻሕፍት አስቀድመው የተጻፉት ለእኛ ትምህርት ይሆኑ ዘንድ እንደ ሆነ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በ15ኛው ምዕራፍ ገልጦልናል። ይህን የሚጠራጠር ክርስቲያን አይገኝም። ነገር ግን መጽሐፉ ለትምህርት እንደ ተጻፈ የሚያምነው ብዙ ሲሆን፣ ዛሬ ከተነበበው ውስጥ ለዛሬ ሥራ የሚሆነውን ለይቶ ይዞ የሚወጣው ጥቂት ነው። ስለዚህ ንባብ እንዴት የዕለት ትምህርት እንደሚሆን በእግዚአብሔር ፈቃድ እንመለከታለን። ምሳሌውንም ከሩቅ አገር አናመጣም፤ በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከቋራና ከመተማ እስከ ምዕራብ አርማጭሆ፣ በሱዳን ወሰን ላይ ሰሊጥና ጥጥ እያመረተ ከሚኖረው ሕዝብ ኑሮ እንወስደዋለን። በዚያ አገር ማለዳ የተነበበው ቃል ማታ ይፈተናልና።

በመጀመሪያ ስሙን እንመርምር። በግእዝ «ነበበ» ማለት ተናገረ ማለት ነው፤ «ንባብ»ም ቃል፣ ንግግር ይባላል፤ «አንበበ» ሲል መጽሐፍን አነበበ ማለት ይሆናል። ሊቃውንትም ነፍስን ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ብለው ሲጠሩዋት ነባቢት ያሉዋት ከዚሁ ቃል ነው። ከዚህም የተነሣ ንባብ በዓይንና በምላስ ብቻ እንደማይፈጸም እንረዳለን። መጽሐፉ ይናገራል፤ ነባቢት ነፍስም ሰምታ ትመልሳለች። አባቱ ሲጠራው ዝም የሚል ልጅ እንደሚነቀፍ፣ መጽሐፍ ሲጠራው መልስ የማይሰጥ አንባቢም እንዲሁ ይነቀፋል። መልሱም በእጅ ሥራ የሚገለጥ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ለእያንዳንዱ ዕለት የራሱን ድርሻ ሰጥታዋለች። 150ዎቹ የዳዊት መዝሙራት አሥር አሥር ሆነው በ15 ንጉሥ ይከፈላሉ፤ በሳምንቱም ተደልድለው ሰኞ ከ1 እስከ 30 ያሉት ይደገማሉ። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት ተከፍሏል። የቅዳሴው ምንባብና ምስባክ በግጻዌ፣ የቅዱሳን ዜና በስንክሳር ለየቀኑ ተመድቧል። ዕለት የራሱ ምግብ አለውና። በኦሪት ዘፀአት በ16ኛው ምዕራፍ እስራኤል መናውን የለቀሙት ማለዳ ማለዳ ነበር፤ ፀሐይ ሲበረታ ይቀልጥ ነበር፤ ከሰንበት ዋዜማ በቀር ለነገ ብለው ያሳደሩትም ተልቶ ሸተተ። መልኩም እንደ ድንብላል ፍሬ ሆኖ ነጭ ነበረ።

ይህን ምዕራፍ የመተማ ሰው ከደገኛው ይልቅ የሚረዳው ይመስለናል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ሥራ የሚሠራው ፀሐይ ሳይበረታ ነው። ትንሽ ነጭ ፍሬ ከመሬት መልቀም ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅም ያውቃል። ሰሊጥ አጨዳው ጥቂት ቀን ቢዘገይበት ቆባው ተከፍቶ ፍሬውን በመሬት ላይ ያፈስሰዋል። ስለዚህ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን፣ የታችኛው ቆባ ሳይከፈት ይታጨዳል፤ በነዶ ታስሮ ቆሞ ይደርቃል፤ ከዚያም በሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። የዓመቱ ድካም ሁሉ በእነዚያ ጥቂት ቀናት ትጋት ይድናል ወይም ይጠፋል። የተነበበ ቃልም በዕለቱ ካልተያዘ እንዲሁ ይረግፋል፤ ዓርብ ቀን የሰኞውን ለመልቀም የሚጎነበስ ሰው የሚያገኘው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በሰኞው ድርሻ ውስጥ 14ኛው መዝሙር አለ። በእግዚአብሔር ማደሪያ የሚኖር ማን እንደ ሆነ ይጠይቅና ራሱ ይመልሳል፤ ለባልንጀራው የማለውን የማይከዳውን፣ ገንዘቡን በአራጣ የማያበድረውን፣ በንጹሕ ሰው ላይ መማለጃ የማይቀበለውን ይዘረዝራል። መዝሙሩ አጭር ስለ ሆነ ዳዊት ደጋሚው በጥቂት ትንፋሽ ያልፈዋል። እንግዲህ አንድ ባለ እርሻ ሰኞ ማለዳ ይህን ደግሞ፣ ዳዊቱን ወደ ማኅደሩ መልሶ ወደ እርሻው ወጣ እንበል። በእርሻው ላይ ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች አሉ። እነዚህ በሰኔና በሐምሌ ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለአጨዳ የሚመጡ፣ ወባና ካላ አዛር ባለበት በረሃ ከግራር ሥር የሚያድሩ ናቸው። አንደኛው ሥራውን ፈጽሞ ሒሳቡን ቢጠይቅ፣ «የሰሊጥ ዋጋ ይጨምር ይሆናል፤ ስሸጥ እከፍልሃለሁ» ብሎ መለሰው። ሰኞ ማለዳ የተደገመው 14ኛው መዝሙር ሰኞ ማታ ወዴት ሄደ?

የኦሪት ዘዳግም 24ኛው ምዕራፍ ትእዛዝ ግልጥ ነው። ሠራተኛው የአገር ልጅ ቢሆን ወይም መጻተኛ፣ ደመወዙ በዕለቱ ፀሐይ ሳይገባ ሊከፈለው ይገባል፤ ድሀ ነውና ልቡ በዚያ ገንዘብ ላይ ነው፤ ወደ እግዚአብሔር ቢጮኽም በደሉ በከለከለው ሰው ላይ ይሆናል። ሐዋርያው ያዕቆብ በ5ኛው ምዕራፍ የሚናገረው ከዚህም ይበረታል፤ በእርሱ ዘንድ ከአጫጆቹ ጋር የተከለከለው ደመወዝ ራሱ ይጮኻል። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል በ20ኛው ምዕራፍ የወይኑን ቦታ ምሳሌ ሲናገር፣ ሠራተኞቹ ተጠርተው ዋጋቸውን የተቀበሉት በመሸ ጊዜ ነው። ነገሩ ስለ መንግሥተ ሰማያት ሆኖ ሳለ የማታው ክፍያ አልተዘነጋም።

«የእኛ ውል በቀን አይደለም፤ አረሙ ወይም አጨዳው ሲያልቅ ነው» የሚል ይኖራል። መልካም ነው፤ እንዲህ ከሆነ ሥራው ያለቀበት ቀን ለዚያ ሠራተኛ ማታው ነው። ቀኑ ከደረሰ በኋላ የሚመጣው ማመካኛ ግን በመጽሐፍ ዘንድ መልስ የለውም። የባለ እርሻውንም ችግር አንክድም። እርሱ ራሱ ለአረምና ለአጨዳ ገንዘብ ሲያጣ ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ፣ ሰሊጡ ገና ሳይታጨድ ዕዳ የሚገባበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ያ አጭር መዝሙር ባለ እርሻውንም አበዳሪውንም ይዳኛል። ሦስተኛም ሰው አለ፤ እርሱም ካህኑ ነው። አበዳሪው የንስሐ ልጁ ሲሆን፣ ለቤተ ክርስቲያኑም ሕንፃ ቆርቆሮ የሰጠ ሲሆን፣ ካህኑ ይህን መዝሙር በፊቱ ሊተረጕምለት ይደፍራልን? እኛ ካህናት በግእዙ አድርሰን ዝም ብለን እንድናልፍ የምንፈተነው በዚህ ጊዜ ነው። ምእመኑ ማለዳ ያነበበውን ማታ እንዲመረምር የምናስተምር ከሆነ፣ ሒሳቡ ከመቅደስ ይጀምር ዘንድ ግድ ነው።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ዘመነ ጽጌ በዚያ ቆላ የሰሊጥ አጨዳ ወራት ነው። በእነዚህ 40 ቀናት ቤተ ክርስቲያን በማቴዎስ ወንጌል በ2ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ከዮሴፍ ጋር በሌሊት ወደ ግብፅ የተሰደደችውን ስደት ታስባለች። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ ከገላባት ወደ መተማ የተሻገረው ስደተኛ ብዙ ሺህ ነው። በ2016 ዓ.ም. ጽጌ ማኅሌቱ ሲቆም፣ በኩመርና በአውላላ ሕፃናት የያዙ እናቶች በሸራ ሥር ነበሩ። ስለ ስደት ሲዘምር ያደረ ሰው የዕለቱን ትምህርት ይፈልግ ዘንድ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም።

ይህ ለዚያ አገር ሰው ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች እስከ ጎንደር ዘልቀው አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥለዋል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ቆስለው በዚያው ቍስል አርፈዋል፤ ከተማውም መተማ ዮሐንስ እየተባለ ይጠራል። ከዚያ ወዲህም በእርሻ መሬት ምክንያት በወሰኑ ላይ ደም መፍሰሱ አልቀረም። እንዲህ ያለ ትዝታ ያለበት ሰው የኦሪት ዘዳግምን 23ኛ ምዕራፍ ያንብብ። እስራኤልን በባርነት የገዛ፣ ሕፃናታቸውንም በወንዝ ያስጣለ ግብፃዊ ነበረ። ነገር ግን ግብፃዊውን እንዳይጸየፉት ታዘዙ፤ በምድሩ መጻተኞች ሆነው ኖረዋልና። በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ጊዜ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ሱዳን ተሻግረው በዚያ እህልና መጠጊያ አግኝተዋል፤ በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜም እንዲሁ። መጽሐፉ የግብፅን ጭካኔ ከታሪኩ አልፋቀም፤ ከበደሉ ጋር ያጎረሰውንም እጅ እንድናስብ ያዝዛል።

እንግዲህ የዕለት ትምህርት ፍለጋ መጽሐፉን ዕጣ መጣያ እንዳያደርገው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ዓይኑን ጨፍኖ መጽሐፉን ይገልጣል፤ ጣቱ ያረፈበትንም ቃል ለእኔ የተላከ ነው ብሎ መንገድ ይሄዳል ወይም ይቀራል፤ ይገዛል ወይም ይሸጣል። እንዲህ ማድረግ መጽሐፍ ይዞ መጠንቆል ነው። ሌላው ደግሞ የሚያነበው ለጎረቤቱ ነው፤ ስለ ቍጣ ሲያገኝ ሚስቱን፣ ስለ ስስት ሲያገኝ ደንበኛውን ያስባል፤ እርሱ ግን እንደ ገባ ይወጣል። የህንደኬ ጃንደረባ እንዲህ አልነበረም። በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ እንደምናገኘው፣ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በበረሃ መንገድ ላይ በሠረገላው ሆኖ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ ማስተዋሉን በጠየቀው ጊዜ የሚመራው እንዳጣ ለመናገር ሹመቱ አላሳፈረውም፤ መምህሩን በአጠገቡ አስቀመጠው፤ ነቢዩ ስለ ማን እንደ ተናገረም ጠየቀ። ምሥጢሩን ከተረዳ በኋላም አገሬ ስገባ አልተባለም፤ ውኃ ባገኘበት ስፍራ በዚያው ዕለት ተጠመቀ። አስቀድሞ ትርጓሜውን ከመምህር መስማት፣ ከዚያም ሳይመሽ መፈጸም ሥርዓቱ ይህ ነው። መምህሩ አንድም፣ አንድም እያለ ሲያሰፋ ምእመኑ ሁሉን ሊሸከም አይገደድም፤ ለዚያ ቀን የሚሆነውን አንዱን ይያዝ።

ማንበብ የማይችለውስ? በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የአንድነትን ኑሮ የሠራው አባ ጳኵሚስ፣ መነኮሳቱ መዝሙራትን በቃላቸው ይዘው በእጃቸው ሥራ ላይ ሳሉ እንዲያሰላስሉ አዝዟል፤ ሥርዓቱም በግእዝ ተተርጕሞልናል። በዚሁ ቆላ የማኅበረ ሥላሴ አንድነት ገዳም መኖሩ ለአካባቢው ምእመን ታላቅ ማሳሰቢያ ነው። አራሚው ከማለዳው ንባብ አንድ ቃል ሰምቶ በልቡ ይዞ ወደ መስመሩ ቢገባ፣ ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ሲያነብ ዋለ እንላለን። ዛሬ 81ዱን መጻሕፍት በእጅ ስልኩ ይዞ የሚወርድ ወጣትም አለ፤ መልካም ነው፤ ነገር ግን መብራት በሌለበት እርሻ ባትሪው በሦስተኛው ቀን ሲያልቅ የሚቀረው በቃሉ ያጠናው ነው።

ለአጨዳው ወራት ከመጽሐፈ ሩት የሚስማማ አናገኝም። ምዕራፍዋ 4 ብቻ ነው። ከሠራተኞቹ መካከል ዲያቆን ወይም የአብነት ተማሪ አይጠፋምና ከእራት በኋላ በየማታው አንድ ምዕራፍ ያንብብላቸው። በመጀመሪያው ማታ ረኃብ ከቤተ ልሔም ወደ ሞዓብ ያሻገረው ቤተ ሰብ ይሰማል። በሁለተኛው ቦዔዝ አጫጆቹን በእግዚአብሔር ስም ሰላምታ ሰጥቶ፣ ለባዕዲቱ ሴት ከነዶው እንዲተዉላት ያዝዛል፤ ባለ እርሻው በዚያ ምሽት ከመካከላቸው ቢቀመጥ ደስ ይለናል። ሦስተኛው ምዕራፍ የአውድማው ሌሊት ነው፤ ወጣቶች ስላሉ አንባቢው ሳይተረጕም አይለፈው። በአራተኛው ውሉ በከተማው በር በሽማግሌዎች ፊት ይጸናል፤ ፍጻሜው የስም ዝርዝር ነው። ስሞች ናቸው ብሎ እንዳይዘልላቸው አደራ እንላለን፤ ከመጻተኛዋ ሩት የተወለደው የኢዮቤድ የልጅ ልጅ፣ ሰኞ ማለዳ መዝሙሩን የምንደግመው ዳዊት ነው።