ትልቁን ተወው፣ የምትሸከመውን ግዛ

ያንን ባለ .375 ማግነም ስታገላብጥ ቆየህ፤ በል አሁን መልሰው። አላስካ የምትሄደው ወንዝ ይዘህ በጀልባ ልትወርድ እንጂ ድብ ልታድን አይደለም። የጠመንጃው ሥራ ሌላው ሁሉ አልሆን ሲል ነፍስህን ማትረፍ ነው። ለዚህ ደግሞ ከጉልበቱ ይልቅ እጅህ ላይ መገኘቱ ይበልጣል። ከባድ መሣሪያ መጀመሪያ ትከሻ ላይ ይውላል፣ ከዚያ ጀልባ ውስጥ ይቀራል፣ በመጨረሻ ድንኳን ይጠብቃል። ድቡ ግን ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ነው የሚያገኝህ።

እኔን ካልክ ሠርቲ ኦት ሲክስ የሚባለውን ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ውሰድ። ከ1906 ጀምሮ ያለ ጥይት ስለሆነ የትም አታጣውም። በ1983 የአሜሪካ የደን አገልግሎት አላስካ ለሚሠሩ ሠራተኞቹ ብሎ የተለያዩ መሣሪያዎችን ከ14 ሜትር ገደማ ሞክሮ ነበር። ግዙፎቹ ቀደሙ፤ ነገር ግን 220 ግሬን፣ ማለትም 14 ግራም ያህል የሚመዝን አረር የጎረሰው ሠርቲ ኦት ሲክስም አላሳፈረም። ወደ ኋላ የቀሩት ሽጉጦቹ ናቸው። ማግነሙ ክፉኛ ይራገጣል፤ የሚራገጥ ጠመንጃ የለመደ ሰው ደግሞ ቃታ ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል። ጨፍነህ ተኩሰህ ድብ ከምታቆስል ባትተኩስ ይሻልሃል።

እንደ አገራችን ምንሽር በእጅ እየተሳበ የሚቀባበለውን ምረጥ። ብረቱ የማይዝግ፣ ሰደፉ ፕላስቲክ ይሁን። የእንጨቱ ማማሩ አይካድም፤ ግን ዝናብ ሲወርድበት ሲሰነብት ያብጥና በርሜሉን ገፍቶ ዒላማ ያስትሃል። ትልቁን መነጽር እዚያው ተወው። 9 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር 10 ሜትር ላይ ያለ ድብ ብታይ የሚታይህ ጸጉር ብቻ ነው። የብረት ማነጣጠሪያ ይበቃሃል። ማንገቻው ጠንካራ ይሁን፤ አፈሙዙ ላይ ደግሞ ቁራጭ የኤሌክትሪክ ቴፕ ለጥፍበት፣ ጭቃና ዝናብ እንዳይገባ። መተኮስ ከመጣ በቴፑ ላይ ይተኮሳል፣ ምንም አይሆንም።

ከገዛህ በኋላ ጠረጴዛ ተደግፈህ 100 ሜትር ላይ መተኮሱ አያኩራራህ። የሚሮጥ ቡናማ ድብ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈጥናል፤ 30 ሜትር ላይ ካየኸው ሁለት ሰከንድ ቢኖርህ ነው። ስለዚህ ቦርሳህን አዝለህ፣ ጓንትህን አጥልቀህ፣ ጠመንጃውን ከትከሻህ አውርደህ፣ አቀባብለህ፣ 15 ሜትር ላይ መምታትን ተለማመድ። ስትሄድ ጥይቱ ካዝናው ውስጥ ይሁን፣ በርሜሉ ባዶ። ወደ ወንዙ የምትወስድህ ትንሿ አውሮፕላን ላይ ስትወጣ ግን ሁሉንም አራግፍ።

እባክህ፣ የድብ ስፕሬይ ሳትይዝ እንዳትሄድ። አላስካ ውስጥ ከ1985 እስከ 2006 ስፕሬይ የተረጨባቸው 83 አጋጣሚዎች ተጠንተው ነበር፤ ቡናማ ድቦቹን ከመቶ 92 ጊዜ አስቁሟቸዋል። መርጨት ማነጣጠር ብዙም አይፈልግም፣ ድቡም በሕይወት ይመለሳል። ደረትህ ላይ ወይም ወገብህ ላይ ይሁን፣ ቦርሳ ውስጥ አይደለም። የመንገደኛ አውሮፕላን በሻንጣም ቢሆን አይጭነውም፤ አንኮሬጅ ስትደርስ ግዛው። ወንዙ ላይ ለሚያደርስህ ፓይለትም መያዝህን ንገረው፤ ከተሳፋሪ ጋር ሳይሆን አውሮፕላኗ ውኃ ላይ በምታርፍበት ተንሳፋፊ እግር ውስጥ ይከተዋል። ክፍሉ ውስጥ ቢፈነዳ ፓይለቱ ምን ያያል?

ጠመንጃው ራሱ ባዶ ሆኖ፣ በተቆለፈ ጠንካራ ሣጥን፣ ሻንጣ በምታስረክብበት ቦታ ተናግረህ ነው የሚጫነው። ቁልፉ ከአንተ ኪስ አይውጣ። ነፍስህን ለማዳን ድብ ከገደልክ ደግሞ ለአላስካ ባለሥልጣናት ማስታወቅ፣ ቆዳውንና የራስ ቅሉን ገፍፈህ ማስረከብ ግዴታህ ነው። ያ ሁሉ ሥራ አንተ ላይ ነው የሚወድቀው።

አንድ ነገር ደግሞ። አንተ ግሪን ካርድ አለህ፣ ችግር የለም። አብሮህ የሚሄደው ልጅ ግን በተማሪ ቪዛ ነው ያለው። የአደን ፈቃድን የመሰለ በሕግ የታወቀ ምክንያት ከሌለው፣ ጠመንጃም ሆነ ጥይት መያዝ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። «እስቲ አንዴ ያዝልኝ» እንዳትለው፤ በአንድ ቀን ወረቀቱ ሊበላሽበት ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት ጠበቃ ይጠይቅ፤ እስከዚያ እሱ ስፕሬዩን ይያዝ።