የስኮትላንዶች እንግሊዝኛ በነጋዴ ጆሮ

የአንድ አስመጪ ጸሐፊ ከግላስጎ ከተማ የተደወለለትን ቴሌፎን ተቀብሎ፣ ሻጩ የሣጥኑን ዋጋ 40 ፓውንድ ሲለው 14 ፓውንድ ብሎ መዘገበ እንበል። ጌታው በዚሁ ሒሳብ ለደንበኞቹ ዋጋ ይቈርጣል፤ ስሕተቱም የሚገለጠው ኢንቮይሱ ሲደርስ ነው። ጸሐፊው እንግሊዝኛ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ጆሮው የለመደው በትምህርት ቤትና በለንደን ሬዲዮ የሰማውን አነጋገር ስለ ሆነ ነው።

ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ1707 ከእንግሊዝ ጋር በአንድ ፓርላማ ብትዋሐድም አነጋገሯን ለብቻው ጠብቃ ኖራለች። ዊልያም ግራንት የተባለው መምህርም በ1913 ስለዚሁ አነጋገር ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትሟል።

ዋናው ልዩነት «ር» ነው። የለንደን ሰው «ፖርት» የሚለውን «ፖት»፣ «ኦርደር» የሚለውን «ኦደ»፣ «ካርጎ» የሚለውን «ካጎው» እያለ «ር»ን ይውጣታል። ስኮትላንዳዊው ግን በተጻፈችበት ሁሉ ያሰማታል፤ ብዙዎቹም ምላሳቸውን እንደ እኛ መታ አድርገው ይናገሯታል። እንግዲህ እነዚህ ቃላት በአማርኛ ፊደል የተጻፉት፣ ሳይታሰብ፣ በስኮትላንዶች አፍ ነው ማለት ይቻላል። የሐይቅ ስም የሆነውን «ሎኽ»ንም ቢሆን የእኛው «ኸ» ያለ ችግር ያነበዋል። ድምፅን ማስረዘምና ማጠፍም አይወዱም፤ የለንደኑ «ሬይት» በእነርሱ ዘንድ «ሬት» ነው። ዋጋ ሲጠሩ መራራውን ተክል የጠሩ ይመስላል፤ አንዳንድ ጊዜም ልክ ናቸው።

የሚያስቸግረው «ት» ነው። በግላስጎ በተለይ፣ በቃል መካከል ያለችውን «ት» ብዙዎች በምላስ አይነኳትም፤ ጉሮሮን ለቅጽበት ዘግተው ያልፏታል። «ፎርቲ» ሲባል «ፎር» ተሰምቶ፣ ትንፋሽ ተቋርጦ፣ «ኢ» የምትመስል ድምፅ ትከተላለች። በ«ፎርቲን» ግን ኀይሉ በመጨረሻው ክፍል ላይ ስለሚያርፍ «ት» አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ብላ ትሰማለች። ስለዚህ ቁጥር ሲጠራ ጉሮሮ የተዘጋ እንደ ሆነ 40ን፣ «ቲን» ጐልቶ የተሰማ እንደ ሆነ 14ን መጠርጠር ነው፤ 30ና 13ም እንዲሁ።

«ጉድ» እና «ፉድ» የሚሉት ቃላት በእነርሱ አነጋገር ቤት ይመታሉ፤ «ፉል» ያሉትም ሙሉ ማለታቸው ይሁን ሞኝ፣ ከነገሩ አያያዝ ይታወቃል።

በደብዳቤም «አውትዊዝ» የሚል ቃል ያገባሉ፤ «ከ... ውጭ» ማለት ነው። ይህ ቃል በውል ላይ ሲገኝ የጽሕፈት ስሕተት መስሎ እንዳይሰረዝ። «በአምስት ሰዓት ጀርባ ደውል» ያለ የመርከብ ወኪልም አምስት ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ማለቱ ነው፤ ቀድሞ የደወለ አያገኘውም።

ዋጋ በቴሌፎን ሲነገር ቁጥሩን ነጣጥሎ፣ «ፎር፣ ዜሮ» ወይም «ዋን፣ ፎር» ብሎ መልሶ መጠየቅ ለስኮትላንዳዊው ነውር አይደለም። በዚያው ቀን ደግሞ በኢሜይል ይጻፍለት።