«ኃላፊ» የሚለው ቃል

«ይህ ዓለም ኃላፊ ነው» ሲባል በስብከትም በለቅሶ ቤትም ያልሰማ ምእመን አይገኝም። «ኃላፊ ጠፊ» እየተባለ ተያይዞ ስለሚነገር ሁለቱ ቃላት አንድ ፍቺ ያላቸው ይመስላሉ። ነገር ግን አይደሉም። የጠፋ ነገር የደረሰበት አይታወቅም፤ ያለፈ ግን የሄደበት አቅጣጫ አለው።

ቃሉ «ኀለፈ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ ሄደ፣ ተሻገረ፣ አልፎ ሄደ ማለት ነው። በግእዝ በብዙኃኑ «ኀ» ይጻፋል፤ አማርኛ የጉሮሮውን ድምፅ ጥሎ «አለፈ» ብሎታል። የሰው ሞት «ኅልፈት» መባሉም ከዚሁ ነው። በጌቴሴማኒ የሚጸልይ ተሳላሚ ጌታ ጽዋው ከእርሱ እንዲያልፍ የለመነበትን ቃል (ማቴ. 26፥39) በግእዙ ወንጌል ቢያነብ ይህንኑ ግስ ያገኘዋል።

በዚህች አገር ደግሞ የቃሉ ዘመድ በየመንገዱ ይሰማል። ዕብራይስጥ «ሓላፍ» ይላል፤ የማይዘልቀውን ነገር «ሖሌፍ»፣ ከላይ እስከ ታች የሚለበሰውን ሙሉ ልብስ ደግሞ «ሐሊፋ» ይለዋል። ልብስን ከማለፍ ጋር ምን አገናኘው? ሥሩ መለወጥንና መተካትንም ይይዛልና ነው፤ አሮጌው ሲያልፍ አዲሱ ይለበሳል። ዐረብኛውም ከዚሁ ሥር «ኸሊፋ» ብሎ ተተኪውን ሰው ይጠራል። በዕብራይስጡ መዝሙረ ዳዊት፣ በእኛ አቆጣጠር በ101ኛው፣ ሰማያት እንደ ልብስ ተለውጠው እንደሚያልፉ በተነገረበት ስፍራ ሁለቱም ፍቺዎች ጎን ለጎን ቆመዋል።

አማርኛችን ከዚህ ሁሉ ያስቀረው ጥቂት አይደለም። መልካሙንና ያማረውን «ማለፊያ» ይላል። የመሥሪያ ቤቱንም ሹም «ኃላፊ» ይለዋል፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ግን ይህን ስም በሌላኛው ፍቺው ሰምቶት እንደሆነ እንጃ።

የዕብራይስጡ ቃል እጅግ የሚያስደንቀው በሁለት ቦታ ነው። በኢሳይያስ 40፥31 እግዚአብሔርን ተስፋ የሚያደርጉ ኃይላቸውን እንደሚያድሱ የተነገረው በዚሁ ግስ ነው። በኢዮብ 14፥7 ደግሞ ግስ የተሰጠው ለተቆረጠ ዛፍ ነው፦ ከጉቶው እንደገና ሲያቆጠቁጥ።