መዝጋቢና አራሚ፦ ከደረት ቆዳ ሥር የሚቀበር የልብ ምት መዝጋቢ እና በዓይን ውስጥ የሚተከል ሌንስ ልዩነት ከመስቃን አንጻር

መግቢያ

በሕክምና ሰነዶች «አይሲኤም» እና «አይሲኤል» የሚሉት ምኅጻረ ቃላት የሚለያዩት በመጨረሻው ፊደል ብቻ ነው። የመጀመሪያው ከደረት ቆዳ ሥር የሚቀበር የልብ ምት መዝጋቢን፣ ሁለተኛው በዓይን ውስጥ የሚቀመጥ እይታ አራሚ ሌንስን ያመለክታል። ሁለቱም በአማርኛ «በሰውነት ውስጥ የሚተከል መሣሪያ» በሚል የጋራ ስም ሲጠሩ ተግባራቸው የተቀራረበ ይመስላል። ይሁን እንጂ መዝጋቢው መረጃ ይሰጣል እንጂ አያክምም፤ ሌንሱ ያክማል እንጂ መረጃ አይሰጥም። ይህ ልዩነት በመስቃን በተግባር ምን ትርጉም እንዳለው ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የልብ ምት መዝጋቢ

መዝጋቢው የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ያለማቋረጥ ይከታተላል። ምቱ ከተወሰነለት ገደብ ሲወጣ ወይም ታካሚው ምልክት ሲሰጥ ቅጂውን ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 ለአገልግሎት የቀረበው ሪቪል ሊንክ ክብደቱ 2.5 ግራም ያህል ሲሆን፣ ባትሪው 3 ዓመት ገደማ ያገለግላል። ተፈላጊነቱ የሚጎላው አልፎ አልፎ የሚከሰት ሕመም ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት በሚደረግ ክትትል ሳይያዝ ሲያመልጥ ነው። በዚያው ዓመት በወጣው ክሪስታል ኤኤፍ በተባለው ጥናት መንስኤው ያልታወቀ ስትሮክ የደረሰባቸው 441 ሰዎች ተካተዋል። በ12 ወራት ውስጥ መዝጋቢ ከተተከለላቸው 12.4 በመቶው፣ በተለመደው ክትትል ከቆዩት ደግሞ 2.0 በመቶው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን እንዳለባቸው ታውቋል። በሽታውን የሚያክመው ግን ከውጤቱ በኋላ የሚታዘዘው መድኃኒት ነው። ከዚህም የተነሣ መዝጋቢውን ምቱን ከሚያስተካክለው ፔስሜከር ጋር ማምታታት አይገባም።

የዓይን ሌንስ

የዓይን ሌንስ ታሪክ የሚጀምረው ሃሮልድ ሪድሊ እ.ኤ.አ. በ1949 በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ባደረገው ቀዶ ሕክምና ነው። ሪድሊ የመረጠው ፕላስቲክ በጦር አውሮፕላን አብራሪዎች ዓይን ውስጥ ገብቶ ጉልህ ቁጣ ሳያስከትል የቀረ ዓይነት ነበር። ዛሬ ሁለት ዓይነት ተከላዎች ይለያሉ። በሞራ ግርዶሽ ሕክምና የደፈረሰው የተፈጥሮ ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሹ ይተካል። በአይሲኤል ግን የተፈጥሮው ሌንስ በቦታው ይቆያል፤ አዲሱ ከአይሪስ በስተኋላና ከተፈጥሮው ሌንስ በፊት ይቀመጣል፤ አስፈላጊ ሲሆንም ሊወጣ ይችላል። በሌዘር የሚደረገው እርማት ኮርኒያን ይቀርጻል እንጂ በዓይን ውስጥ የሚተክለው ነገር የለም። ሌንሱ ባትሪም ሆነ የሚነበብ መረጃ የለውም፤ የውጤቱ መልካምነት በአብዛኛው ከተከላው በፊት በሚደረገው ትክክለኛ ልኬት ይወሰናል።

ልዩነቱ በመስቃን

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመስቃንና ማረቆ በ60,820 ሰዎች ላይ ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት 316 ሰዎች የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ተመዝግቧል፤ ይህም ከ1,000 ሰው 5.2 ማለት ነው። መውደቅና መንቀጥቀጥ ግን ሁልጊዜ ከአንጎል የሚመነጭ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በእንግሊዝ አገር በታተመ ጥናት፣ የሚጥል በሽታ አለባቸው ተብለው መድኃኒት ካልመለሰላቸው ወይም ምርመራቸው ካጠራጠረ 74 ሰዎች መካከል ለ31ዱ ሌላ ምክንያት ተገኝቶላቸዋል፤ ብዙዎቹም ከልብና ከደም ዝውውር ጋር የተያያዙ ነበሩ። ይህ በመስቃን የተመዘገቡት ሕሙማን ምርመራ ተሳስቷል ለማለት አያበቃም። መድኃኒት የማይመልሰው የመውደቅ ሕመም ሲያጋጥም ግን ልብም መጠየቅ እንዳለበት ያመለክታል። የመጀመሪያው እርምጃ የሕመሙን ታሪክ በጥንቃቄ መቀበልና ተራ ኢሲጂ ማንሣት ነው፤ መዝጋቢው የሚመጣው እነዚህ ሳይመልሱ ሲቀሩ ነው።

በዓይን በኩል ጥያቄው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ምክንያቶች ለሞራ ግርዶሽ 49.9 በመቶ፣ በትራኮማ ለሚመጣ የኮርኒያ ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ለእይታ መዛባት 7.8 በመቶ ድርሻ ሰጥቷል። ሌንስ ለመጀመሪያው ዋና መፍትሔ ነው። የእይታ መዛባት በአብዛኛው በመነጽር ይታረማል። በትራኮማ የጠቆረን ኮርኒያ ግን ሌንስ መልሶ አያጠራውም። በቡታጅራ የዓይን ሕክምና የሚሰጠው የግራርቤት ሆስፒታል መኖሩ ሌንስን በአካባቢው ሊገኝ የሚችል አገልግሎት ያደርገዋል። መዝጋቢው በአንጻሩ ተካዩን ብቻ ሳይሆን ቅጂውን በየጊዜው የሚያነብ ባለሙያና ታካሚውን ከርቀት የሚያገኝ ሥርዓት ይሻል።

ማጠቃለያ

ሁለቱን ተከላዎች በአንድ ሚዛን መመዘን ያሳስታል። የሌንስ አገልግሎት የሚለካው ስንት ሰው ማየት እንደ ቻለ በመቁጠር ነው፤ የመዝጋቢው ደግሞ ስንት ሕሙማን ትክክለኛ ምርመራ አግኝተው ሕክምናቸው እንደ ተለወጠ በማየት ነው። በታካሚ መዝገብና በስምምነት ቅጽ ላይ ምኅጻረ ቃሉን ብቻ ከመጻፍ ይልቅ «የልብ ምት መዝጋቢ»፣ «የልብ ምት አስተካካይ» እና «የዓይን ሌንስ» የሚሉትን ስሞች ለይቶ መጠቀም ይበጃል። መዝጋቢ የተተከለለት ሰው ታከምኩ ብሎ ክትትሉን ቢያቋርጥ፣ መሣሪያው የያዘው መልስ ሳይነበብ ይቀራል።