የጥቃቅን ዋቅላሚዎች ዘር መረጣና የጠባብ ቦይ መሣሪያ አገልግሎት

ለግብርና ልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

ዋቅላሚ ወይም በተለምዶ አልጌ እየተባሉ የሚጠሩት ጥቃቅን የውሃ ፍጥረታት እንደ ማንኛውም አዝርዕት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ያዘጋጃሉ። ከእነርሱ ጋር አብሮ የሚነሳው ስፒሩሊና በሳይንሳዊ አመዳደብ ሳያኖባክቴሪያ ሲሆን፣ ከደረቅ ክብደቱ ከ55 እስከ 70 በመቶ የሚደርሰው ፕሮቲን ነው። በቻድ ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩ የካነም ሴቶች ከውሃው ላይ ሰብስበውና አድርቀው «ዲሄ» በሚል ስም ለወጥ ይጠቀሙበታል። በአገራችንም የጪቱ ሐይቅና በቢሾፍቱ አጠገብ የሚገኘው አረንጓዴ ሐይቅ በዚሁ ፍጥረት ለረጅም ጊዜ የታወቁ ናቸው።

ይሁን እንጂ አረንጓዴ ውሃ ሁሉ ስፒሩሊና አይደለም። በቆቃ ሐይቅ የሚታየው ማይክሮሲስቲስ ጉበትን የሚጎዳ ማይክሮሲስቲን የተባለ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ይህ መርዝ ውሃውን በማፍላት አይጠፋም። ስለዚህ አንድ ማኅበር ገንዳ ከመቆፈሩ በፊት የያዘው ዘር ንጹሕ መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

2. መሣሪያው ምንድን ነው?

መሣሪያው በብርጭቆ ላይ ከተለጠፈ፣ ጎማ ከሚመስል ጥርት ያለ ሲሊኮን የሚሠራ ሲሆን፣ በውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቦዮች አሉት። አሠራሩ በተለይ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ተስፋፍቷል። ስፋቱና ጥልቀቱ 100 ማይክሮሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ቦይ የሚይዘው 0.1 ማይክሮሊትር ውሃ ብቻ ነው። ስለዚህ 50 ማይክሮሊትር የሆነች አንዲት ጠብታ 500 ያህል ቦዮችን ትሞላለች። ሲሊኮኑ አየር ስለሚያሳልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ሕዋሶቹ ይደርሳል፤ ጥርት ያለ በመሆኑም ሕዋሶቹን በማይክሮስኮፕ ለመከታተል ያመቻል።

3. አሠራሩ

ሀ. ነጠላ ሕዋስ መለየት። ውሃው ከዘይት ጋር በቦይ ውስጥ ሲገናኝ ወደ ደቃቅ ጠብታዎች ይቆራረጣል። ናሙናው ለ10 ጠብታ በአማካይ 1 ሕዋስ እንዲደርስ ቢቀጥን፣ ከ1000 ጠብታዎች 905 ያህሉ ባዶ፣ 90 ያህሉ አንድ ሕዋስ ብቻ፣ 5 ያህሉ ደግሞ ሁለትና ከዚያ በላይ ይይዛሉ። ብዙው ባዶ መሆኑ ብክነት ሊመስል ቢችልም፣ ከአንድ ሕዋስ የተነሳ ንጹሕ ዘር የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። ይህ እንደ ክሎሬላ ላሉ ክብ ሕዋሶች ይስማማል። ስፒሩሊና ግን እንደ ሽቦ ጥቅል የተጠማዘዘ ክር ስለሆነ ሰፋ ያለ ቦይ ይፈልጋል።

ለ. ማራባትና መከታተል። በጠርሙስ ውስጥ የሚለካው የሚሊዮን ሕዋሶች አማካይ ነው፤ ደካማውና ብርቱው ተደባልቆ ይታያል። በቦይ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ሕዋስ መቼ እንደተከፈለ ይመዘገባል።

ሐ. ማነጻጸር። በአንድ መሣሪያ ላይ ጎን ለጎን የተለያየ የጨው መጠን ወይም ብርሃን በመስጠት የሚስማማውን መለየት ይቻላል።

4. ውጤቱ እንዴት ይነበባል?

ለምሳሌ አንዱ ዘር በ24 ሰዓት፣ ሌላው በ30 ሰዓት እጥፍ ይሆናል እንበል። በ10 ቀን ውስጥ የመጀመሪያው 10 ጊዜ እጥፍ ሆኖ ከ1 ሕዋስ 1024 ሲደርስ፣ ሁለተኛው 8 ጊዜ እጥፍ ሆኖ 256 ይደርሳል። የ6 ሰዓት ልዩነት 4 እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ ቁጥር የገንዳ ምርት ተብሎ መወሰድ የለበትም። በቦይ ውስጥ ሁሉም ሕዋስ ብርሃን ያገኛል፤ በገንዳ ግን ከላይ ያለው የታችኛውን ይጋርደዋል። ስለዚህ የተመረጠው ዘር በትንሽ ገንዳ ሳይሞከር ማኅበሩ ገንዘቡን ማውጣት አይገባውም። እንዲሁም መሣሪያው ዘሩን ይለያል እንጂ መርዝ አለመኖሩን በራሱ አያረጋግጥም፤ ለዚህ የኬሚካል ምርመራ ያስፈልጋል።

5. የልማት ሠራተኛው ድርሻ

መሣሪያው የቤተ ሙከራ ዕቃ ስለሆነ ማኅበራት እንዲገዙት አይመከርም። ከልማት ሠራተኛው የሚጠበቀው የሚከተለው ነው።

– ጓንት አድርጎ በንጹሕ ጠርሙስ ናሙና መውሰድ፤ ለአየር እንዲሆን ሲሶውን ባዶ መተው።
– ቦታውን፣ ቀኑን፣ የውሃውን ሙቀትና ፒኤች በጠርሙሱ ላይ መጻፍ።
– ጠርሙሱን ከፀሐይ ጠብቆ ቀዝቀዝ እንዳለ በዚያው ቀን ማድረስ።
– በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ የተጠማዘዘ ክር ወይስ የተከማቹ ክብ ሕዋሶች እንደሚታዩ መመዝገብ። ክብ ሕዋሶች ከታዩ ገንዳው ምርመራ እስኪደረግለት ድረስ ለምግብም ለመኖም እንዳይውል ማድረግ።
– የስፒሩሊና ገንዳ ፒኤች ከ9.5 እስከ 10.5 መሆኑን መከታተል፤ ብዙዎቹ ባዕድ ሕዋሶች በዚህ ውሃ አይስማማቸውም።

6. የመወያያ ጥያቄዎች

1ኛ. ከሐይቅ የተቀዳ አረንጓዴ ውሃ ሳይመረመር ለከብት ቢሰጥ ምን ጉዳት ሊያስከትል ይችላል?
2ኛ. በቦይ ውስጥ ፈጥኖ ያደገ ዘር በገንዳ ሊዘገይ የሚችለው ለምንድን ነው?
3ኛ. ማኅበራችሁ ዘር ሲቀበል ከአቅራቢው ምን ማስረጃ መጠየቅ ይገባዋል?