ስለ ፎስፌት፤ በምግብ ዕቃ ውስጥ ስለሚሰጠው ጥቅምና ገዢው ስለሚያደርገው ጥንቃቄ

ፎስፌት የሚባለው ቅመም ከፎስፎሪክ አሲድ የሚገኝ የጨው ዐይነት ነው። ፎስፈረስ በሰውና በእንስሳ አጥንት ውስጥ ያለ፥ በሥጋ፥ በወተትና በጥራጥሬም በተፈጥሮ የሚገኝ ስለሆነ ለሰውነት እንግዳ ነገር አይደለም። በፋብሪካ ተሠርቶ ከምግብ ጋር የሚደባለቀው ፎስፌት ግን የንግድ ዕቃ ነውና፥ ነጋዴው ጥቅሙንና አደጋውን ለይቶ ሊያውቅ ይገባዋል።

ጥቅሙ ብዙ ነው። አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ኤበን ሆርስፎርድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1856 ዓ.ም. ለካልሲየም ፎስፌት አሠራር የፈጠራ መብት ካገኘ ወዲህ፥ ይህ ቅመም ከሶዳ ጋር እየተደባለቀ ለቤኪንግ ፓውደር ይውላል፤ ውሃና ሙቀት ሲያገኝም ጋዝ እየፈጠረ ሊጡን ያነሣዋል። በፋብሪካ ቀልጦ በሚዘጋጅ አይብ ውስጥ ቅባቱና ውሃው እንዳይለያዩ ያደርጋል። በሥጋና በዓሣ ውስጥ ውሃ ይዞ ያቆያል፤ ከመጠን በላይ ሲገባ ግን ገዢው በሥጋ ዋጋ ውሃ ይገዛል። የኮላ መጠጦችን ጎምዛዛ ጣዕም የሚሰጠውም ፎስፎሪክ አሲድ ነው። በእሽግ ላይ 338፥ 339፥ 341፥ 450 ወይም 451 የሚል የቅመም ቁጥር የተጻፈ እንደ ሆነ፥ ዕቃው ከዚሁ ወገን የሆነ ነገር አለበት ማለት ነው።

ስለ ጤና ጉዳይ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሰጠው ውሳኔ፥ አንድ ሰው በቀን የሚወስደው ፎስፈረስ በተፈጥሮ ከምግብ የሚገኘው ጭምር ተደምሮ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ40 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 2,400 ሚሊግራም ይሆናል። ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ትርፉን ፎስፈረስ ማስወጣት ስለሚያቅታቸው፥ ይህ ልክ ለእነርሱ አያገለግልም።

ነገር ግን ከመጠኑ ይልቅ ለአስመጪው የሚያሠጋው የንጽሕናው ጉዳይ ነው። ፎስፌት ለምግብ የተዘጋጀና ለኢንዱስትሪ የተዘጋጀ ተብሎ በሁለት ይከፈላል፤ ሁለተኛው ለማጽጃና ለቦይለር የሚውል ነው። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ስለሆኑ በዓይን አይለዩም፤ ዋጋቸው ግን ይለያያል።

በዚህ ረገድ በ1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በጃፓን የደረሰው መከራ ትልቅ ትምህርት ነው። የሞሪናጋ ኩባንያ በቶኩሺማ በነበረው ፋብሪካው ለሕፃናት የዱቄት ወተት ሲሠራ፥ ወተቱ በውሃ ሲበጠበጥ እንዳይቋጠር ዳይሶዲየም ፎስፌት ይጨምርበት ነበር። ከነጋዴዎች የተገዛው ቅመም ግን ከአሉሚኒየም ሥራ ተረፈ ምርት የወጣና አርሴኒክ የተባለው መርዝ ያለበት ነበር። ከ12,000 በላይ ሕፃናት ታመሙ፤ ከ100 በላይ የሚሆኑትም ሞቱ። ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ የአገሪቱ የባቡር መሥሪያ ቤት ያንኑ ዐይነት ዕቃ ለቦይለር ማጠቢያ ሊገዛ አስመርምሮ አርሴኒክ ስላገኘበት አስቀድሞ መልሶት ነበር። ለብረት የተደረገው ምርመራ ለሕፃናት ወተት ሳይደረግ ቀረ። በ1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ፍርድ ቤት ከፋብሪካው ኃላፊዎች አንዱን ጥፋተኛ ብሎ በእስራት ቀጣው።

ስለዚህ ፎስፌት የሚያስመጣ ነጋዴ በትእዛዙ ላይ «ፎስፌት» ብሎ ብቻ መጻፍ አይበቃውም። ለምግብ የተዘጋጀ መሆኑን ለይቶ ማዘዝ፥ አርሴኒክ፥ እርሳስና ፍሎራይድ ምን ያህል እንዳለበት የሚገልጽ የምርመራ ወረቀት መጠየቅ፥ በወረቀቱ ላይ ያለው የምርት ቁጥር በከረጢቱ ላይ ካለው ጋር መስማማቱን ማመሳከር ይገባዋል። ባለመጋዘኑም የማጽጃውንና የምግቡን ቅመም በአንድ ስፍራ አያስቀምጥ፤ ባለሱቁም ከመጀመሪያው ከረጢት ገልብጦ ስም በሌለው ዕቃ አይሽጥ። በዋጋ ልዩነት የሚገኘው ትርፍ ጥቂት ነው፤ በስሕተት የሚጠፋው ሕይወት ግን በምንም ሒሳብ አይተካም።