ኢንጀክተር ከመንቀልህ በፊት

የወንድሜ ልጅ፣ እኔ መካኒክነት የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ናፍጣ የሚሸት ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ስኖሞቢል ያስተማረችኝ ግን ሚኒሶታ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ያቺን አሮጌ ማሽንህን ልትፈታታ መፍቻ ይዘህ ስትንደረደር አይቼ ዝም ያልኩት እንግዳ ስለነበረ ነው። አሁን ስማኝ።

1. በሩን ሳትከፍት የቤንዚን መስመር አትፍታ። በብርድ ጊዜ ጋራዡን ዘግቶ ማሞቂያ ማብራት የሁላችንም ጠባይ ነው። የቤንዚን ትነት ግን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ሄዶ እሳቱን ያገኘዋል። ማሞቂያውን አጥፋ፣ ባትሪውን ንቀል፣ መስመሩን በጨርቅ ሸፍነህ ቀስ ብለህ አላላ። ከበረደህ ጃኬት ደርብ።

2. ኢንጀክተሩን ከመክሰስህ በፊት ካንዴላዎቹን ጠይቅ። ሁለቱንም አውጥተህ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ቡናማው ደኅና ነው፤ ነጣ ያለው ቤንዚን ጠምቶታል፤ ጥቁርና እርጥብ የሆነው ከልኩ በላይ ጠጥቷል ወይም እሳት አልደረሰውም። ነጩን አትናቀው። መኪና ኢንጀክተሩ ሲደፈን ተንቀጥቅጦ ያሳብቃል፤ ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ቤንዚን ሲያንሰው ይግልና ፒስተኑን ያቀልጣል። እኔ አንድ ዓመት «ትንሽ ነው የሚያንቃት» ብዬ ሐይቅ ላይ ወጣሁ። ፒስተኗ ተበሳች፤ ማሽኗን እዚያው ጥዬ በረዶ ለበረዶ በእግሬ ተመለስኩ። ብርድ በመጣ ቁጥር የጆሮዬ ጫፍ ያን ቀን ያስታውሰኛል።

3. ሳትለካ አትጠብ። ሞተሩ እየሠራ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ኢንጀክተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ አድርግ፤ ቀጭ ቀጭ ማለት አለበት። ዝም ካለ ሞተሩን አጥፋ፣ ሶኬቱን ነቅለህ በመልቲሜትር ለካው። ብዙዎቹ ከ11 እስከ 16 ኦም ያሳያሉ፤ 2 ወይም 3 ብቻ የሚያሳዩም አሉ። የማሽንህን መመሪያ እይ፣ ወንድሙንም ለካ፤ ሁለቱ ከተለያዩ አንዱ ታሟል። ከዚያ ቦታ አለዋውጣቸው። ችግሩ ከኢንጀክተሩ ጋር አብሮ ከሄደ ጥፋተኛው ተገኘ፤ እዚያው ሲሊንደር ላይ ከቀረ ሽቦውን፣ ቦቢናውን፣ ኮምፕሬሽኑን ፈልግ። ይህ ሁሉ አንድ ዶላር አያስወጣህም፤ እናንተ ልጆች የምትዘሉትም ለዚሁ ይመስለኛል፣ የሚገዛ ነገር ስለሌለው።

4. ባትሪ አታስጨብጠው። ሲታጠብ እንዲከፈት 12 ቮልት ትሰጠዋለህ፣ ግን ነካ አድርገህ ልቀቅ። ይዘህ ከቆየህ ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ይቃጠላል። ባለ 2 ኦሙን ደግሞ ጭራሽ በቀጥታ አትንካ። ኢ-ቴክ የሚባለው የሮታክስ ሞተር ከሆነ እጅህን ሰብስብ፤ እሱ በ55 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ የባለሙያ ነው።

5. መርፌ አታስገባ። ቀዳዳው የተለካ ነው፤ ከሰፋ አይጠብም። በኢንጀክተር ማጠቢያ ፈሳሽ፣ ከተቻለም ከጫፉ ወደ መግቢያው ገፍተህ እጠበው። መግቢያው ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ቀይር፤ ብዙ ጊዜ ቆሻሻው እሷ ላይ ነው የሚያርፈው። የጎማ ቀለበቶቹንም ቀይር፣ ስትገጥምም ጠብታ ዘይት ቀባቸው። ደርቆ የተቀደደ ጎማ አየር ያስገባና ወደዚያው ነጭ ካንዴላ ይመልስሃል።

6. ሳትፈትን አትግጠም። ውጭ፣ ከእሳት ርቀህ፣ 3 ባር ያህል ግፊት ስጥና ሁለቱን በሁለት እኩል ጠርሙስ ላይ ለእኩል ጊዜ አስረጫቸው። እንደ ጭጋግ ይበተን፤ እንደ ክር ከወረደ አልጠራም። ተዘግቶ ሳለ ጫፉ ላይ ጠብታ ከቋጠረም አትመነው። መነጽር አድርግ። አዲስ አበባ የናፍጣ ኖዝል በእጅ ፓምፕ ስንፈትን አለቃዬ ጣቴን ባቀረብኩ ቁጥር ይመታኝ ነበር፤ የዚያ ግፊት ቆዳ በስቶ ይገባል። የዚህኛው ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው፣ ልማዱ ግን ይኑርህ።

7. በረዶው ሲቀልጥ ማሽኗን እንዲሁ አትጣላት። እዚህ የምንቀዳው ተራ ቤንዚን 10 በመቶ ያህል ኤታኖል አለው፤ እርጥበት ይስባል፣ ሲከርም ቤንዚኑ ሙጫ ይሆናል። ኤታኖል የሌለበት 91 ኦክቴን ለስኖሞቢል ይሸጣል፣ እሱን ቅዳ። ማቆያ ፈሳሽ ጨምርበትና ውጭ አውጥተህ ሞተሩን 10 ደቂቃ ያህል አሠራው፣ ፈሳሹ ኢንጀክተሩ ድረስ እንዲገባ። ጠርሙሱ ጋራዤ ውስጥ በግራ መደርደሪያ ላይ አለ። በሚያዝያ ስትመጣ ውሰድ፤ የወሰድክብኝን ረጅም ካቻቢቴ ግን ይዘህ ና።